የቦረና መንደርና የጥጃ ካሎው

ከነገሌ ቦረና እስከ ያቤሎና ሞያሌ ባለው ቆላ የሚኖረው የቦረና አርቢ መንደሩን «ኦላ» ይለዋል፤ ኃላፊውም «አባ ኦላ» ይባላል። የኦላው ነባር ሀብት ግጦሽና ውኃ ነው። ከግጦሹ መካከል በጥብቅ የሚጠበቀው ክልል «ካሎ» ነው።

እንደሚታወቀው ቦረና መንጋውን በሁለት ይከፍላል። የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች «ወራ» ተብለው በመንደሩ ዙሪያ ሲሰማሩ፥ ወይፈኖች፥ በሬዎችና የነጠፉ ላሞች «ፎራ» ተብለው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዳሉ። በበጋ ላሚቱ ከጥልቁ ኤላ የምትጠጣው በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ያህል ነው። ጥጃው ይህን ጉዞ አይችለውም፤ የእናቱንም ወተት ከሰው ጋር ይካፈላል። ስለዚህ ሕይወቱ የተንጠለጠለው ከቤት አጠገብ በተረፈው ሣር ላይ ነው። ካሎ በዝናብ ወራት በእሾህ ታጥሮ ይከርምና ድርቅ ሲጠና ለጥጆች፥ ለታመሙና ለደከሙ ከብቶች ይከፈታል። የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት የመንደሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

እንዲህ ያለ ደንብ በሩቅ አገርም አለ። በስዊዘርላንድ ተራሮች ቶርቤል በተባለ መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 የወጣ ደንብ፥ ማንም ሰው በበረዶው ወራት ሊቀልብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራ ግጦሹ እንዳያወጣ ከልክሏል። ለካሎም የሚበጀው ይኸው ነው፤ ቁጥሩን ሣሩ ይወስን እንጂ የባለቤቱ ሀብት አይወስን።

ካሎን የሚጎዱት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቁጥቋጦ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሣር ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ግራር ብዙውን ሜዳ ወርሶታል። ሁለተኛው በካሎ ስም ለግል ማጠርና ማረስ ነው። የግል አጥር ካሎ ሊባል አይገባውም። በነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ በእርሻና በልቅ ግጦሽ እጅግ ተጎድቷል፤ በዚያው የምትኖረውና በዓለም ላይ ልትጠፋ የተቃረበችው የሊበን ወፍ መጠለያዋ ይኸው ሣር ነው። ኅብረተሰቡ በሜዳው ላይ ካሎ መከለል ከጀመረ ወዲህ በተከለለው ቦታ ሣሩ ተመልሷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት ዝናብ በተከታታይ ሲጓደል፥ ሣር ያልቆጠበ መንደር ምን እንደደረሰበት አርቢው ራሱ ያውቀዋል።

ካሎ ሲከለል ከብት ወደ ኤላ የሚወርድበትን መንገድ እንዳይዘጋ ከጎረቤት ኦላዎች ጋር መመካከር ያስፈልጋል። የሚዘጋውም የመጋቢት ዝናብ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ቡቃያው አንዴ ከተጋጠ በኋላ ማጠር ብዙ አይጠቅም። ለአጥር የሚሆነው እሾህ እዚያው ካሎው ውስጥ ካለው ቁጥቋጦ ቢቆረጥ፥ ባንድ ድካም ሁለት ሥራ ይሠራል። ትልልቆቹ ዛፎች ግን ለጥላ ይቅሩ። የተቆረጠው ጉቶ ስለሚያቆጠቁጥ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ መመልመል፥ ወይም ፍየልና ግመል እንዲቀነጥቡት ማድረግ ይገባል።

ሣሩ ከተትረፈረፈ ከፊሉ ለድርቆሽ ይታጨድ። «አላሎ» እና «መታ ጉዴሳ» የተባሉት ሣሮች ለዚህ ጥሩ ናቸው። የሚታጨዱት ማበብ ሲጀምሩ ነው፤ ዘር እስኪያፈሩ ከተጠበቀ አገዳው ይጠነክራል፥ ጥጃም አይወደውም። የታጨደው ሣር በፀሐይ እየተገላበጠ ሁለት ሦስት ቀን ከደረቀ በኋላ፥ ምስጥና እርጥበት እንዳያገኘው በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ተከምሮ ከላይ ይከደናል።