ከፀሐያችን ማዶ ያሉ ዓለማትና የሕይወት ጥያቄ

ከዚህች ምድር ሌላ ሕያዋን ፍጥረታት የሚኖሩባት ዓለም አለች ወይስ የለችም የሚለው ጥያቄ፣ የጥንት ግሪክ ፈላስፎች ካነሡት ጊዜ ጀምሮ አንዱ በፍልስፍና፣ ሌላው በነገረ መለኮት እየተደገፈ የሚሟገትበት፣ ነገር ግን ማንም ማስረጃ አቅርቦ ሊቈርጠው ያልቻለ ክርክር ሆኖ ብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ጣሊያናዊው ጆርዳኖ ብሩኖ እ.ኤ.አ. በ1584 ባሳተመው መጽሐፉ ከዋክብት እንደኛዋ ያሉ ፀሐዮች መሆናቸውን፣ በዙሪያቸውም የየራሳቸው ዓለማት መኖራቸውን ሲያስተምር፣ በ1600 ሮም ላይ የእሳት ሞት ሲፈረድበትም ይህ ትምህርቱ ከክሶቹ እንደ አንዱ ሲቈጠርበት፣ እርሱም ሆነ ከሳሾቹ ስለ አንዲት እንኳ የሩቅ ዓለም የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም። ዛሬ በመዝገብ የሰፈሩት ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ ያሉ ፕላኔቶች ከ6000 በላይ ናቸው፤ ብሩኖ በግምት የተናገረውንም የመጀመሪያ ክፍል መሣሪያ አጽድቆለታል። በእነዚያ ዓለማት ላይ ሕይወት ያለው ነገር አለ ወይ የሚለው ሁለተኛው ክፍል ግን ገና በምርመራ ላይ ስለ ሆነ፣ ምርመራው ከምን እንደ ደረሰና ለምን እንዲህ አስቸጋሪ እንደ ሆነ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

የግኝቱን ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሌክሳንደር ቮልሽቻንና ዴል ፍሬይል፣ ፑልሳር በሚባል፣ እሳቱ ጠፍቶ ቅሪቱ ብቻ በብርቱ ፍጥነት በሚሽከረከር ኮከብ ዙሪያ ፕላኔቶች እንዳሉ አስታወቁ። በ1995 ደግሞ የጄኔቫው ሊቅ ሚሼል ማዮርና ተማሪያቸው የነበሩት ዲድዬ ኬሎ፣ በደቡብ ፈረንሳይ በሚገኘው የኦት ፕሮቫንስ የከዋክብት መመልከቻ ሲሠሩ፣ 51 ፔጋሲ በሚባል፣ ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ፣ የጁፒተርን ክብደት እኩሌታ የምታህል፣ ዓመቷ ግን ከ4 ቀን ትንሽ ብቻ የሚበልጥ ፕላኔት አገኙ፤ ስለዚህም ሥራ በ2019 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ። ፕላኔቷን በዓይን አላዩአትም፤ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞ የሚያሽከረክር ሰው ራሱም ወደ ኋላ ዘንበል እያለ እንደሚዞር ሁሉ፣ ኮከቡም በፕላኔቷ ስበት ምክንያት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ በብርሃኑ ለውጥ ዐውቀው ነው መኖሯን የመሰከሩት። ከዚያ በኋላ የበረታው ሁለተኛው መንገድ ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ የምትጋርደውን ብርሃን መለካት ነው፤ ምድርን የምታህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ስታልፍ የምትቀንሰው ብርሃን ከ12000 እጅ አንድ እጅ ገደማ ብቻ መሆኑን ስናስብ፣ ከ2009 እስከ 2018 በጠፈር ሆኖ የሠራው ኬፕለር የተባለው ቴሌስኮፕ በዚህ መንገድ ከ2600 በላይ ፕላኔቶችን ማስገኘቱ የሰውን ትዕግሥት የሚያስከብር ነው።

በዚህ ረጅም መዝገብ ውስጥ የአገራችን ሰዎች ስም ያወጡለትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እያንዳንዱ አገር ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ በጋበዘ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ ድርሻ የሆነው በአንድሮሜዳ አቅጣጫ የሚታየው ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የምትመላለሰው ፕላኔት ደግሞ አቦል ተብለው ተሰየሙ። ስለ ብርሃናት ምሕዋር በሰፊው የሚተርከውን መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ምሉዕ አድርጎ ጠብቆ ላቈየ ሕዝብ፣ በዚህ አዲስ የሰማይ መዝገብ አሻራው መኖሩ ደስ የሚያሰኝ ነው። አቦል ግን ከጁፒተር ብዙ እጥፍ የምትከብድ የጋዝ ዓለም ናት፤ እግር የሚቆምበት ጽኑ ምድር የላትም፤ ምሕዋሯም እጅግ የተለጠጠ ስለ ሆነ፣ አንድ ዙር እስክትፈጽም በሚያልፉት 1000 ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ኮከቧ አብዝታ ትቀርብና መልሳ አብዝታ ትርቃለች። ከተገኙት ዓለማት ብዙዎቹ እንዲሁ፣ በግዝፈታቸው ወይም በግለታቸው፣ የሕይወት ማደሪያ ይሆናሉ ተብለው የማይታሰቡ ናቸው።

ታዲያ ለሕይወት የሚበቃ የሚባለው የትኛው ነው? ሊቃውንቱ የያዙት መለኪያ ውኃ ነው፤ በምድር ላይ የምናውቀው ሕይወት ሁሉ ያለ ፈሳሽ ውኃ የማይቆም ስለ ሆነ፣ በእያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያ ውኃ በፕላኔት ገጽ ላይ ሳይተንና ሳይረጋ ሊኖር የሚችልበትን ርቀት አስልተው ለሕይወት ምቹ ቀጠና አሉት። ጋዜጦች አዲስ ፕላኔት በዚህ ቀጠና ውስጥ ተገኘች ሲሉ ብዙ አንባቢ ደንና ወንዝ የተገኘ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ይህ ስም ከሚገባው በላይ ተስፋ ተሸክሟል ባይ ነኝ። ጨረቃችን ከፀሐይ ያላት ርቀት ከምድር ርቀት ጋራ አንድ ነው፤ ነገር ግን አየርም ፈሳሽ ውኃም የሌለባት በድን ናት። በስፋቷም በክብደቷም ለምድር እኅት የምትባለው ቬነስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ብርድ ልብስ ከድኗት፣ ገጿ ከ460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል፣ የአየሯም ጫና ከእኛ 90 እጥፍ በላይ የሚከብድ እቶን ሆናለች። ከሩቅ ሆኖ ስፋታቸውንና ርቀታቸውን ብቻ የሚለካ ተመልካች ምድርንና ቬነስን መለየት ይቸግረዋል፤ የእኛም ዕውቀት ስለ ብዙዎቹ የሩቅ ዓለማት እስካሁን ከዚህ ተመልካች ዕውቀት የማይበልጥ ነው።

ችግሩን የሚያከብደው ሌላው ነገር የከዋክብቱ ጠባይ ነው። በፍኖተ ሐሊብ ካሉት ከዋክብት ከአራቱ ሦስቱ እጅ ያህል ቀይ ድንክ የሚባሉት ትንንሽና ደብዛዛ ከዋክብት ናቸው፤ በእነርሱ ፊት የምታልፍ ትንሽ ፕላኔት ከብርሃናቸው ብዙ ስለምትጋርድ፣ ለመመርመር የሚቀሉት ዓለማት በአብዛኛው የእነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተገኘችው፣ ለእኛ ከሁሉ የምትቀርበው የፕሮክሲማ ሴንታውሪ ፕላኔት ከዚህ ወገን ናት፤ ርቀቷ 4.2 የብርሃን ዓመት ነው፤ ቮያጀር 1 የተባለችው መንኰራኵር ወደዚያ ብታመራ ኖሮ አሁን ባላት ፍጥነት ከ70000 ዓመት በላይ ይፈጅባት ነበር። እንዲህ ያለው ኮከብ ሙቀቱ ጥቂት ስለ ሆነ ምቹው ቀጠና ከአጠገቡ ነው፤ በዚያ የምትዞርም ፕላኔት ጨረቃ ለእኛ እንደምታደርገው አንድ ፊቷን ብቻ ለኮከቧ ሰጥታ፣ ግማሿ የማይመሽበት ቀን፣ ግማሿ የማይነጋበት ሌሊት ሆና ልትኖር ትችላለች። ከዚህም በላይ ቀይ ድንክ ከዋክብት፣ በተለይ በወጣትነታቸው፣ የፕላኔትን አየር ገፎ ሊወስድ የሚችል ብርቱ ነበልባልና ጨረር ይተፋሉ። አየሯን ከተገፈፈች ደግሞ ምቹ ርቀት ላይ መሆኗ ምን ይጠቅማታል?

ይህን በጠራ ምሳሌ የሚያሳየን፣ በቤልጅጉ የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በሚካኤል ዢዮን የሚመሩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ያደረጉት ትራፒስት 1 የሚባለው ሥርዓት ነው። ኮከቡ ከጁፒተር ጥቂት ብቻ የሚሰፋ ሲሆን፣ በዙሪያው ምድርን የሚያህሉ 7 ዓለታማ ፕላኔቶች ይመላለሳሉ፤ ከእኛም 40 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ወደ ጠፈር የወጣው፣ መስተዋቱ 6.5 ሜትር የሚሰፋው የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ወደዚያ በዞረ ጊዜ፣ በ2023 የወጣው ውጤት ለኮከቡ ከሁሉ የምትቀርበው ቢ የተባለችው ፕላኔት ወፍራም አየር የሌላት፣ ቀን በሚሆነው ገጿ ወደ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የምትግል መሆኗን ገለጠ፤ ተከታይቱ ሲ የቬነስን የመሰለ ወፍራም አየር እንደሌላት ታወቀ። ወደ ውጭ ያሉት ግን ገና አልተፈረደባቸውም።

አየርን ከዚህ ያህል ርቀት መመርመር የሚቻለው፣ ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ከብርሃኑ ጥቂቱ በአየሯ ውስጥ ሰርጎ ስለሚመጣና እያንዳንዱ ጋዝ በብርሃኑ ኅብረ ቀለም ላይ የየራሱን ምልክት ስለሚተው ነው። በዚህ መንገድ ስሟ ከሁሉ በላይ የተነሣው፣ በ124 የብርሃን ዓመት ርቀት ያለችው፣ በስፋቷ ምድርን 2.6 እጥፍ የምታህለው ኬ2-18ቢ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 በአየሯ ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገኙ፤ በ2025 ደግሞ በኬምብሪጅ በኒኩ ማዱሱዳን የሚመሩት ተመራማሪዎች፣ በምድር ላይ በአብዛኛው ከባሕር ደቂቃን ዕፅዋት የሚወጣው ዳይሜቲል ሰልፋይድ፣ ወይም የቅርብ ዘመዱ፣ ምልክት አግኝተናል አሉ። ወሬው ዓለምን ዞረ። ነገር ግን ምልክቱ በአጋጣሚ ሊከሠት የሚችልበት ዕድል ከ1000 ሦስት ያህል ነበር፤ ለታላቅ ግኝት የሚጠየቀው ደግሞ ከሚሊዮን ከአንድ ያነሰ ዕድል ነው። ሌሎች ሊቃውንት ያንኑ ልኬት በሌላ ዘዴ ሲመረምሩት ጽኑ ማስረጃ አላገኙበትም፤ ይኸው ጋዝም ሕይወት በሌለው ጅራታም ኮከብ ላይ፣ በ67ፒ፣ ተገኝቷል። የጋዙ ስም ከምድር ሕይወት ጋራ መያያዙ ብቻ ምስክር ሊሆነው አይችልም።

ውኃ ባለበት ሕይወት ይኖራል የሚለውን ግምት ለመፈተን የሚበልጠው ስፍራ ያለው ግን በአገራችን በአፋር ምድር ነው። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል፣ ከምድር ሆድ የሚወጣው ውኃ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እየፈላ፣ በጨው ጠግቦ፣ በአሲድነቱም ከታወቁት ኩሬዎች ሁሉ የከፋ ሆኖ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለም ያሸበረቁ ገንዳዎችን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ስፍራ ላይ ሁለት ጥናቶች ወጡ፤ አንደኛው እጅግ ረቂቃን የሆኑ ሕዋሳት አሻራ አግኝቻለሁ ሲል፣ ሁለተኛው በአጠገብ ባሉት ጨዋማ ውኆች ልዩ ልዩ ረቂቃን ሕዋሳት ቢያገኝም፣ እጅግ አሲዳማ በሆኑትና ማግኒዚየም በበዛባቸው ገንዳዎች ግን ሕይወት አላገኘሁም አለ። ይልቁንም በማጉያ መነጽር ሲታዩ ሕያው ሕዋስ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከማዕድን ብቻ የተሠሩ ቅንጣቶች እንዳሉ አስጠነቀቀ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ዳሎል ሕይወት በሞላባት ፕላኔት መካከል ነው፤ ነፋስም ወፍም ሰውም የሕይወትን ዘር ያለማቋረጥ ያደርስበታል፤ ውኃው ፈሳሽ ነው፤ መርማሪው በእጁ ቀድቶ በቤተ ሙከራ ሊያየው ይችላል፤ እንዲህም ሆኖ ሊቃውንት በሁለት ተከፍለው ይከራከራሉ። በብዙ ሺሕ ቢሊዮን ኪሎሜትር ርቀት ላይ ስላለች፣ ከብርሃን ጭረት በቀር ምንም ስለማናይባት ዓለም ፍርድ ለመስጠት የሚቸኵል ሰው በመጀመሪያ የዳሎልን ክርክር ቢያነብ መልካም ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ይኸውም ሕይወት እያለ የለም ማለት ነው። በምድራችን ላይ የሕይወት አሻራ ቢያንስ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ይታያል፤ ኦክስጅን ግን በአየራችን ውስጥ መበርከት የጀመረው ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በዚያ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በሚበልጥ መካከል ምድርን ከሩቅ ሆኖ ኦክስጅን ፍለጋ የተመለከተ መርማሪ ቢኖር፣ ባዶ ናት ብሎ ባለፋት ነበር። በአንጻሩም የኮከብ ጨረር ውኃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅኑ ወደ ጠፈር ሲያመልጥ፣ ያለ አንዳች ሕያው ፍጥረት ኦክስጅን ብቻውን ሊከማች ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አንዱን ጋዝ ለብቻው ከመፈለግ ይልቅ፣ አብረው ሊቆዩ የማይገባቸው፣ እርስ በርሳቸው የሚጠፋፉ ጋዞች፣ በተለይ ኦክስጅንና ሜቴን፣ በአንድ አየር ውስጥ ሲገኙ፣ ሳያቋርጥ የሚያመነጫቸው አንድ ነገር አለ ማለት ነውና እርሱን ይፈልጋሉ። ይህ ዘዴ እስካሁን የሠራው በአንዲት ፕላኔት ላይ ብቻ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ጁፒተር የምትጓዘው ጋሊልዮ የተባለችው መንኰራኵር በምድር አጠገብ ስታልፍ መሣሪያዎቿን ወደ ምድር አዙራ፣ ካርል ሳጋንና ባልደረቦቹም ልኬቱን መርምረው፣ የሁለቱ ጋዞች አብሮ መገኘት ሕይወትን እንደሚያመለክት በ1993 ጻፉ። ከበረዶ ሥር ውቅያኖስ ያላቸው የጁፒተሯ ኤውሮፓና የሳተርኗ ኤንሴላደስ ደግሞ ከምቹው ቀጠና ውጭ ሆነው ሳለ ዛሬ ከዋነኞቹ የተስፋ ስፍራዎች ይቈጠራሉ፤ እንዲህ ያለ ውቅያኖስ በሌላ ኮከብ ዙሪያ ቢኖር ግን በምን እናየዋለን?

ለወደፊቱ በቺሌ የአታካማ በረሓ 39 ሜትር የሚሰፋ መስተዋት ያለው ታላቅ ቴሌስኮፕ እየተሠራ ነው፤ አሜሪካኖችም ፀሐይን በሚመስሉ ከዋክብት ዙሪያ ያሉ ዓለማትን በቀጥታ ለማየት የሚያስችል የጠፈር ቴሌስኮፕ አቅደዋል። እስከዚያ ድረስ የብዙዎች ዓይን ያረፈው በትራፒስት 1 አራተኛ ፕላኔት ላይ ነው፤ ኢ የተባለችው ይህች ዓለም በስፋቷ ለምድር እጅግ የቀረበች፣ በምቹው ቀጠናም ውስጥ የምትዞር ናት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡት የመጀመሪያ ውጤቶች አየር አላት ወይም የላትም ብሎ ለመቍረጥ አላስቻሉም፤ በኮከቡ ገጽ ላይ ያሉት ነጥቦች የራሳቸውን ምልክት በብርሃኑ ላይ እየጣሉ ከፕላኔቷ ምልክት ጋራ ይደባለቃሉና። ይህን ለመለየት ተመራማሪዎቹ ያገኙት መላ፣ ኢ በምታልፍበት ሰዓት አቅራቢያ ወፍራም አየር የሌላት ቢ በኮከቡ ፊት የምታልፍባቸውን ቀኖች መርጦ ሁለቱን አከታትሎ መመልከት ነው፤ በቢ ማለፍ ጊዜ የሚታየው ምልክት በአብዛኛው የኮከቡ የራሱ ስለሚሆን፣ እርሱን ከኢ ልኬት ላይ ቀንሰው የሚቀረውን ይመረምራሉ።