አዞ ሐረግ

ሐረግ የሚለው ቃል ከዱር ተነሥቶ ብዙ ቤት የገባ ቃል ነው፤ የትውልድ ተራ የዘር ሐረግ ይባላል፣ የሰዋስው መምህርም ከዓረፍተ ነገር የተከፈለውን ሐረግ ይለዋል፣ የብራና ጸሐፍትም በመጽሐፉ ራስጌ በቀይና በቢጫ ቀለም እየጠላለፉ የሚሥሉትን ጌጥ በዚሁ ስም ይጠሩታል። የብራናው ሐረግ ግን ጸሐፊው ካሰመረለት ወሰን አያልፍም፤ ዛሬ የምናስተዋውቀው፣ በደጋና በወይና ደጋ አጥሮች ላይ የሚንሰራፋው አዞ ሐረግ ወሰን የሚባል ነገር አያውቅም።

የሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ክሌማቲስ ሲሜንሲስ ይሉታል፤ ሁለተኛው ስሙ የተወሰደው ከሰሜን ተራሮቻችን ነው። አበባው ነጣ ያለና እጅግ የበዛ ሲሆን፣ አበባው ከረገፈ በኋላ እያንዳንዷ ዘር ላባ የመሰለ ጭራ አብቅላ ነፋስ እስኪወስዳት ትጠብቃለች።

ዛፍ የፀሐይን ብርሃን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶ፣ ኃይሉን ሁሉ አፍስሶ ግንድ ያቆማል፤ ሐረግ ግን የሌላውን ግንድ መሰላል አድርጎ በጥቂት ወራት ከላይ ይደርሳል። ዳርዊን በ1865 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሌላ ነገር ላይ ተንጠላጥለው ስለሚወጡ ዕፅዋት ባሳተመው ጥናት እንደ ገለጸው፣ የዚህ ወገን ሐረጎች የሚጨብጡት በቅጠላቸው ነው፤ ቅጠሉን የተሸከመው ቀጭን ዘንግ አንድ ነገር ሲነካው ወደ ነካው ጎን ይታጠፋል፣ ይጠመጠማል፣ ከዚያም ወፍሮ ይደድራል። ለምች መድኃኒትነቱ የታወቀው ሐረግ ሬሳ ግን ከእነ ዱባና ቅል ዘመዶች የተወለደ ስለ ሆነ፣ እንደ ክር በቀጠኑ ጠምዛዞቹ ነው የሚይዘው።

እንግዲህ አዞ ሐረግ በኮክ ወይም በዘይቱን ዛፍ ላይ ከነገሠ፣ ቅጠሉን በጥላ ያፍነዋል፣ በክረምትም ዝናብ ሲጠጣ ክብደቱ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተቆጥቶ ከላይ ይዞ ይጎትታል፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ፣ ሐረጉ ሳይሰበር የኮኬ ዋና ቅርንጫፍ ተገንጥሎ በእጄ ቀርቷል። የሚሻለው ከታች በጉልበት ልክ ቆርጦ፣ ላይኛው ክፍል በዛፉ ላይ እስኪደርቅ መተው ነው፤ ሲደርቅ ተሰባብሮ ያለ ትግል ይወርዳል። ጉቶው ግን አይሞትም፤ በሥሩ ያከማቸውን ስንቅ እያወጣ ደጋግሞ ያቆጠቁጣልና፣ ቡቃያው ቅጠል ዘርግቶ ስንቁን ሳይተካ ደጋግሞ መቁረጥ፣ ወይም ምድር በክረምት ስትለሰልስ ሥሩን ቆፍሮ መንቀል ያስፈልጋል። ዘሩ ሳይበተን መድረስም ግዴታ ነው። ጭማቂው ቆዳ ስለሚያቃጥል ጓንት ማጥለቅ፣ ሕፃናትንም ከሥራው ማራቅ ይገባል።

ይህን ሁሉ ብዬ፣ አንዱን ሐረግ በጓሮዬ የድንጋይ ካብ ላይ መተዌን አልሸሽግም። አበባውን ካየሁ በኋላ፣ ላባው ሳይበር በመቀስ እቀድመዋለሁ፤ አንዳንድ ዓመት ግን እርሱ ይቀድመኛል፣ ለዚህም የጎረቤቴ ጽጌረዳ ምስክር ናት።