ግብሩን ያከበደው እርከን ማለፉ አይደለም

“ደመወዝ ተጨመረልኝ፤ እርከን ስላለፍኩ ግን ጭማሪውን ግብር በላው” የሚል ምሬት በየመሥሪያ ቤቱ ይሰማል። ምሬቱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የ14,000 ብር ደመወዝ ግብር 2,850 ብር ነው። ደመወዙ 14,500 ሲሆን ወደ 35 በመቶው እርከን ይገባል፤ ግብሩም 3,025 ይሆናል። ከ500 ብሩ ጭማሪ ግብር የወሰደው 175 ብር ነው። 35 በመቶው ከ14,000 በላይ ባለችው ብር ላይ እንጂ በሙሉው ደመወዝ ላይ አያርፍም።

ይህን የሚስተው ሠራተኛው ብቻ አይደለም። በጀት የሚያዘጋጅ ባለሙያ ኤክሴል ላይ በ“ሰምኢፍስ” (SUMIFS) ቀመር ከ10,000 በላይ እስከ 14,000 ያሉትን ደመወዞች ይደምርና በ30 በመቶ ያባዛል። 11,000፣ 12,000 እና 13,500 የሚከፈላቸው ሦስት ሠራተኞች ድምር 36,500 ነው፤ 30 በመቶው 10,950። ትክክለኛው ግብር ግን 6,900 ብር ነው፤ ምክንያቱም የታችኞቹ እርከኖች በአነስተኛ መጣኔ ስለሚሰሉ ለእያንዳንዱ ሰው 1,350 ብር ይቀነሳል። ስለዚህ ድምሩ ብቻውን አይበቃም፤ በእርከኑ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በ“ካውንትኢፍስ” (COUNTIFS) መቆጠር አለበት።

ሌላም አለ። የአዋጁ የግብር ሠንጠረዥ “ከ7,001 እስከ 10,000”፣ ቀጥሎ “ከ10,001 እስከ 14,000” ይላል። ቁጥሮቹን እንዳሉ ቀመር ውስጥ ያስገባ ሰው፣ በትርፍ ሰዓት ክፍያ 10,000 ብር ከ50 ሳንቲም የደረሰውን ሠራተኛ ከሁለቱም እርከን ያጣዋል። “ከ10,000 የሚበልጥ፣ ከ14,000 የማይበልጥ” ብሎ መጻፍ ነው የሚሻለው።

በእኔ እምነት ደመወዝተኛውን የጎዳው ዋናው ነገር የእርከኖቹ ለዓመታት ቆመው መቅረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የ35 በመቶው መነሻ 10,900 ብር ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ 14,000 ሆነ፤ 28 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጤፍና የቤት ኪራይ በዚህ ልክ ብቻ ጨመሩ የሚል ሸማች አላውቅም። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ማደጉ ለዝቅተኛ ተከፋይ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መካከለኛውን ግን ብዙም አልጠቀመውም።

ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ግብር ተሰበሰበ የሚል ሪፖርት፣ በየእርከኑ ስንት ሰው እንዳለ ካልነገረን፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደወደቀ አያሳይም። የገቢዎች ሚኒስቴር ይህን ቆጠራ በየዓመቱ ይፋ ያድርግ፤ እርከኖቹም ዘጠኝ ዓመት ሳይጠበቅ ከገበያው ዋጋ ጋር ይስተካከሉ።