«መንቃት» እና «ነፍስ ማወቅ»
በአንጎል ጉዳት ሕክምና ሊለዩ ስለሚገባቸው ሁለት ቃላት

ከሳንጃ ጭንቅላቱን ክፉኛ ተጎድቶ ወደ ጎንደር ለሕክምና የተላከ ሰው ቢኖር፣ ቤተ ዘመድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ነቃ ወይ?» ብሎ ነው። ሐኪሙ «አዎን፣ ነቅቷል» ቢል፣ ዐይኑን መግለጡን መናገሩ ሊሆን ይችላል፤ ሰሚው ግን «ዳነልን» ብሎ ይረዳዋል። ችግሩ የሚመነጨው «ነቃ» የተሰኘው ግሥ ከእንቅልፍ መነሣትንና ራስን ማወቅን አጣምሮ ስለሚይዝ ነው። በጤነኛ ሰው ሁለቱ አይለያዩም፤ አንጎሉ በጽኑ በተጎዳ ሰው ግን ይለያያሉ።

የሕክምና ሊቃውንት ሦስት ሁኔታዎችን ይለያሉ፦

ሀ) ኮማ፦ በሽተኛው ዐይኑን አይገልጥም፤ ነፍሱንም አያውቅም።

ለ) ዐይኑን ይገልጣል፣ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ነፍሱን ማወቁን የሚያሳይ ምልክት ግን የለም። ጄኔትና ፕለም እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ያወጡት ስም የዕፀዋትን ሕይወት የሚያስታውስ ነበር። ስሙ ሰውን ከተክል የሚያስተካክል ስለ መሰለ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ሊቃውንት «ምላሽ የሌለው ንቃት» የሚል ትርጉም ያለው ስም አቅርበዋል። እኛም «ዕፀዋዊ» ከማለት መቆጠብን እንመርጣለን።

ሐ) እ.ኤ.አ. በ2002 የተለየ ስም የተሰጠው ሁኔታ፦ በሽተኛው አልፎ አልፎ በዐይኑ ይከተላል ወይም ትእዛዝ ይፈጽማል፤ ነፍሱን በጥቂቱ ያውቃል።

ይህ ልዩነት መድኃኒት በሚፈተንበት ጊዜ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁኔታ ለነበሩ 184 በሽተኞች፣ በዕጣ ለከፊሉ አማንታዲን፣ ለከፊሉ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ነገር ለ4 ሳምንታት ተሰጠ። አማንታዲን የወሰዱት በእነዚያ ሳምንታት ፈጥነው ተሻሻሉ። መድኃኒቱ በቆመ በ2 ሳምንት ውስጥ ግን ፍጥነታቸው ቀነሰ፤ በ6ኛው ሳምንት ሁለቱ ወገኖች ተቀራረቡ። እንግዲህ መድኃኒቱ መሻሻልን አፋጠነ እንጂ «አነቃ» ቢባል አንባቢን ያሳስታል።

በሽተኛው ራሱ ፈቃዱን ሊሰጥ ስለማይችል፣ ለእንዲህ ያለው ፈተና ፈቃድ የሚጠየቀው ከቤተሰብ ነው። ቤተሰብ «ያነቃዋል» ተብሎ ቢፈቅድ፣ የፈቀደው ያልተባለውን ተስፋ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

መንቃት፦ ዐይን መግለጥና ከእንቅልፍ መነሣት ብቻ።

ነፍስ ማወቅ፦ ራስንና አካባቢን መገንዘብ።

አምሳለ መድኃኒት፦ ለማነጻጸሪያ የሚሰጥ፣ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ።

«ንቃተ ኅሊና» የተለመደ ቢሆንም ከ«ነቃ» ስለ ወጣ ሁለቱን መልሶ ያደባልቃል፤ በአብዮቱም ዘመን የፖለቲካ ትርጉም ይዟል። «ነፍሱን አያውቅም» ግን ራሱን ለሳተ በሽተኛ ሕዝቡ የሚናገረው ነው። «ነፍስ ማወቅ» ለልጅ ዕድሜም መባሉ እንቅፋት አይሆንም፤ ዐውዱ ይለየዋል። ከሁሉ በላይ፣ የበሽተኛው እናት ያለ አስተርጓሚ የምትረዳው ቃል ነው።