የእረኞች ዝምታ
በካቶሊካውያን ዘንድ ስለ ተነሣው ክርክር

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይላሉ አባቶቻችን። ቃሉ ለሌላው ሲነገር ይቀላል፤ ለራስ ሲሆን ግን ይከብዳል። እኛም በሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ቈየው ክርክር ስንጽፍ፥ በጎረቤት ቤት ቃጠሎ እሳት ለመሞቅ ሳይሆን እሳቱ ለምን ቶሎ እንዳልጠፋ ለማስተዋል ነው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈነዋል።

በጥር 2002 በአሜሪካ «ቦስተን ግሎብ» የተባለው ጋዜጣ ጆን ጌጋን ስለሚባል ቀድሞ ካህን ስለ ነበረ ሰው አንድ ከባድ ነገር ገለጠ። ከ130 የሚበልጡ ሰዎች በሕፃንነታችን ክብራችንን ደፍሯል ብለው ሲከሱት፥ አለቆቹ ጠባዩን እያወቁ ከደብር ወደ ደብር ያዛውሩት ነበር። በአዲሱ ደብር የሚኖሩ ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ለማን እንዳስረከቡ አላወቁም። የከተማው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል በርናርድ ሎው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ2003ም ሀገረ ስብከቱ ለ552 ከሳሾች 85 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2004 ካርዲናሉ በሮማ የቅድስት ማርያም ታላቁ ባዚሊካ አለቃ ሆነው ሲሾሙ ግን የተበዳዮቹ ቁስል እንደ ገና አመረቀዘ።

በዚያው ዓመት የጆን ጄይ ኮሌጅ ሊቃውንት በአሜሪካ ጳጳሳት ጥያቄ ያደረጉት ጥናት ታተመ። በእርሱም ከ1950 እስከ 2002 ድረስ በ4,392 ካህናት ላይ ክስ መቅረቡ፥ ተበደልን ያሉትም 10,667 መሆናቸው ተገለጠ። በጀርመን አገርም በ2018 የወጣ ጥናት 1,670 አገልጋዮችንና 3,677 ተበዳዮችን ከመዛግብት ቈጥሯል።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ ነው። አንደኛው ወገን፥ «የበደሉ ሥር የትምህርተ ሃይማኖት መላላት ነው» ይላል። በ1968 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ወሊድ መከላከያን የሚከለክል መልእክት ባወጡ ጊዜ ብዙ መምህራን በግልጥ ተቃወሙ፤ ጳጳሳቱም ዝም አሉ፤ ትምህርት ሲጣስ ዝም ያለ ኃጢአትም ሲሠራ ዝም ይላል፥ ይላሉ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ «ሥሩ ተጠያቂ የሌለበት ሥልጣን ነው» ብሎ ይመልሳል፤ የጳጳሳት ሥልጣን፥ የካህናት ብሕትውናና የሴቶች ስፍራ ይመርመር ይላል። በጀርመን በ2019 የተጀመረው የሲኖዶስ ጉዞ ከዚህ አሳብ የመነጨ ነው። የጆን ጄይ ሊቃውንት ግን በ2011 ባወጡት ሁለተኛ ጥናት የበደሉ ምክንያት ይህ ብቻ ነው የሚባል አንድ ነገር አላገኙም።

ለእኛ ሁለት ሰዎች ትምህርት ይሰጡናል። የሜክሲኮው ማርሲያል ማሲኤል የክርስቶስ ሌጌዎን የተባለውን ማኅበር የመሠረቱ፥ በትምህርት ጽናታቸውም የተመሰገኑ ነበሩ፤ ደቀ መዛሙርታቸው በ1997 በአደባባይ ቢከሷቸውም እስከ 2006 ድረስ የነካቸው አልነበረም። የዋሽንግተኑ ካርዲናል ቴዎዶር ማካሪክ በአንጻሩ ለውጥ በሚሹት ዘንድ የተወደዱ ነበሩ፤ በየካቲት 2019 ከክህነት ተሻሩ። በ2020 ቫቲካን ያወጣችው ሪፖርት በ2000 ሲሾሙ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ እንደ ነበር ገልጧል። እንግዲህ ጽኑ ትምህርትም ሆነ የለውጥ ፍቅር በራሱ ሕፃንን አይጠብቅም።

ይባስ ብሎ የሕፃናቱ ዕንባ የጎራ መሣሪያ ሆነ። ቀድሞ በአሜሪካ የቫቲካን እንደራሴ የነበሩት ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ማሪያ ቪጋኖ በነሐሴ 2018 የማካሪክን ነገር አንሥተው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ከመንበራቸው ይውረዱ አሉ። በመጨረሻም የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን ሥልጣን በመካዳቸው በሐምሌ 2024 ተወገዙ። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል የተበዳዩ ድምፅ ከሁሉ አነሰ።

ሥራ አልተሠራም ማለት ግን አይደለም። በግንቦት 2019 በወጣው ሕግ ካህናትና መነኮሳት ያወቁትን በደል ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሹማምንት የማመልከት ግዴታ አለባቸው፤ በደል የሸፈነ ጳጳስም ይጠየቃል። በታኅሣሥ ወር ደግሞ እንዲህ ያለው ክስ ከጳጳሳዊ ምስጢር ጥበቃ ወጣ።

ክቡራን ወላጆች ሆይ፥ ይህ ነገር የሮማ ብቻ አይምሰለን። ትምህርት ቤትም፥ ደብርም፥ የዘመድ ቤትም ሳይቀር ገመናን መሸፈን ክብር የሚመስልበት ስፍራ ነው። መልካሙ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ አንዷን ሊፈልግ ሄደ እንጂ፥ ለዘጠና ዘጠኙ ስም ሲል አንዷን አልተወም። ስለዚህ ልጅ ፈርቶ ሲነግረን፥ የተከሰሰው ምንም ያህል የከበረ ቢሆን፥ አስቀድመን ልጁን እንስማ። የቤተ ክርስቲያንም ክብር የሚጠበቀው እውነት ሲነገር እንጂ ሲቀበር አይደለም።