ተራ የሌለው የካርታ ጨዋታ ለ3 ሰው እንዴት እንደሚደነገግ

ተራ መጠበቅ የጨዋታ ሁሉ ሕግ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን ሰንጠረዥ ይህ ሕግ ከመጀመሪያው አይሠራም። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፥ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየተከታተለ፥ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ክፍል ወረራ ይባላል። ወረራው የሚያበቃው ከሁለቱ አንደኛው የባላጋራውን አንድ በበላ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተራ ይጫወታሉ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ከቬኒስ ከመጣ ሠዓሊ ጋራ ሰንጠረዥ እንደ ተጫወቱ ተጽፎአል፤ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴም ይህን ጨዋታ ይወዱ እንደ ነበር ሄንሪ ሶልት የተባለው እንግሊዛዊ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገልጾአል።

ከወረራ የምንማረው ነገር አለ፤ ይኸውም ተራ የሌለው ጨዋታ ሥርዓት የሌለው ጨዋታ አለመሆኑ ነው። ተራው ሲቀር በእርሱ ፈንታ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚያየው ወሰን ሊኖር ይገባል።

ከካርታ ጨዋታዎች ወረራን የሚመስለው ፈረንጆች ስፒድ የሚሉት ነው። 52ቱ ካርታ ተበውዞ ለሁለት ሰው እኩል፥ 26 26 ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 20ው የራስ ነው፤ 5ቱን በእጅ ይይዙታል፥ 15ቱ እየተሳበ እጅን ይሞላል። 5ቱ ተደፍቶ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል፤ 1ዱ ለመሐል ይገለጣል። መሐል በተገለጡት ሁለት ካርታዎች ላይ በአንድ የሚበልጥ ወይም በአንድ የሚያንስ ካርታ ያለው ሁሉ ተራ ሳይጠብቅ ይጥላል፤ በኪንግ ላይ አስ፥ በአስም ላይ ኪንግ ይጣላል። ሁለቱም የሚጥሉት ሲያጡ ከመጠባበቂያው አንድ አንድ ይገልጣሉ። ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።

እኛ ከሰበታ፥ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጣን 3 ጓደኛሞች ነን። በበዓል ቀን ከአንዳችን ቤት ስንገናኝ ሁልጊዜ ሁለቱ ይጫወታሉ፥ አንዱ ያያል። የሚያየውም አብዛኛውን ጊዜ በታክሲ ሰልፍ ቆይቶ ዘግይቶ የደረሰው፥ ማለት ከሁሉ ይልቅ የደከመው ነው። ይህ አግባብ መስሎ ስላልታየን ጨዋታውን ለሦስት ለማድረግ ተነሣን።

የመጀመሪያው ሙከራችን ሦስት የመሐል ቁልሎችን አስቀምጦ ለሁሉም ክፍት ማድረግ ነበር፤ ግን አልሆነም። አንደኛ፥ ሦስት እጅ በአንድ ቁልል ላይ ይጋጫል። ሁለተኛ፥ ሁለቱ በአንዱ ቁልል ላይ 6፥ 7፥ 6፥ 7 እያሉ ሲመላለሱ ሦስተኛው መግቢያ ያጣል። በሁለት ሰው ጨዋታ የሚቀድመኝ አንድ እጅ ብቻ ነው፤ በሦስት ሰው ግን አንዱን ስጠብቅ ሌላው ይሸፍንብኛል። ስለዚህ ጨዋታው ከፍጥነት ወደ ግፊያ ተለወጠ።

መፍትሔውን ያገኘነው ከአቀማመጣችን ነው። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፥ ከምዕራብና ከሰሜን ይዘዋታል። እኛም መሐሉን ባዶ ትተን ቁልሎቹን በተጫዋቾች መካከል አደረግናቸው፤ አንዱ በሰበታና በቡራዩ፥ አንዱ በቡራዩና በሱሉልታ፥ አንዱ በሱሉልታና በሰበታ መካከል። እያንዳንዱ ተጫዋች በግራውና በቀኙ ባሉት በሁለቱ ብቻ ይጥላል፤ ፊት ለፊቱ ያለውን አይነካም። በዚህም እያንዳንዱ እንደ ቀድሞው ሁለት ቁልል አለው፤ በእያንዳንዱም ቁልል ላይ የሚገናኙት ሁለት እጆች ብቻ ናቸው።

ቀጥሎ የካርታው ቁጥር አስቸገረን። 52 ለ3 ሲካፈል 1 ይተርፋል። ሁለቱን ጆከሮች ስንጨምር ግን 54 ስለሚሆን ለእያንዳንዱ 18 ይደርሳል፤ 13ቱ የራስ፥ 4ቱ መጠባበቂያ፥ 1ዱ ለመሐል። ጆከር በማናቸውም ካርታ ላይ ይጣላል፤ በእርሱም ላይ ማናቸውም ይጣላል። አራት ሰው ሲሆን ሁለት ሙሉ ካርታ፥ ማለት 104 ተደባልቆ ለእያንዳንዱ 26 ይደርሳል፤ ይህም ልክ የሁለቱ ሰዎች ድርሻ ነው። አራት ሰው ሲቀመጥ ፊት ለፊት ያሉት በአንድ ቁልል አይገናኙም፤ በሦስት ዙር ቦታ ቢለዋወጡ ግን ማንኛውም ሰው ከእያንዳንዱ ጋራ ሁለት ጊዜ ይጎራበታል።

የቀሩት ድንጋጌዎች አጫጭር ናቸው። የሚጣለው በአንድ እጅ፥ አንድ አንድ ካርታ ነው። ሁለት ካርታ ባንድ ጊዜ ቢደርስ ከታች የሆነው ይጸናል፤ የላይኛው በእርሱ ላይ የማይገባ ከሆነ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። የሚጥለው ያጣ እጁን ገበታው ላይ ያሳርፋል፤ የሦስቱም እጅ ሲያርፍ ብቻ አዲስ ካርታ ይገለጣል። የእኛ ወሰን ይህ ያረፈ እጅ ነው። መጠባበቂያ ሲያልቅ ከእያንዳንዱ ቁልል የላይኛው ካርታ ቀርቶ ሌላው ይበወዝና መጠባበቂያ ይሆናል። አንዱ «አለቀ» ሲል ጨዋታው ይቆማል፤ ሌሎቹ የቀረባቸውን ካርታ ይቆጥራሉ። ከሦስት ዙር በኋላ ድምሩ ያነሰ ያሸንፋል።

ቆጠራውን ያስገባነው በምክንያት ነው። ቀድሞ የጨረሰው ብቻ ሲያሸንፍ ተስፋ የቆረጠው ሰው ለወዳጁ መንገድ መክፈት ይጀምር ነበር። አሁን ግን ወዳጁን ቶሎ ያስጨረሰ ሰው በራሱ እጅ የቀረው ይቆጠርበታል። መተባበር ፈጽሞ ጠፋ አንልም፤ ዋጋ እንዲኖረው ግን አድርገናል።

አንድ ጉድለት ሳንፈታው ቀርቶአል። ሰበታ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ የታወቀች ከተማ ናት፤ ጨዋታችን ግን ዓይንን ይጠይቃል። ብሬይል የተነቀሰበት ካርታ አለ፤ ቁልሉን በጣት ሲያነቡት ግን ሌላው ይሸፍነዋል። የሚጥል ሁሉ ቁጥሩን ጮኾ ይናገር ብለን አስበናል፤ ሁለት ድምፅ በተደባለቀ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ግን ገና አልደነገግንም። አንዱን ተመልካች ከጥግ አንሥተን ሌላውን ማስቀመጣችን ስለሆነ፥ በዚህ ነገር ሐሳብ ያላችሁ ጓደኞቻችንና መምህራኖቻችን እንድትረዱን እንለምናለን።