የሐኪሙ ጥንታዊ ዕቃዎች

ስናርስ ማረሻው ቀጭ ሲል በሬዎቹን አቁመን ጎንበስ እንላለን። አንዳንዴ ድንጋይ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የድሮ ገል ይሆናል። ማን ሠራው? ማን በላበት? እያልን ጥቂት አገላብጠን እናየውና ወደ ዳር እንወረውረዋለን። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን እንዲህ ያለውን የጥንት ዕቃ ሲሰበስቡ ስለኖሩ አንድ ሐኪም ነው።

ሐኪሙ ዶክተር ሲግመንድ ፍሮይድ ይባላሉ። የተወለዱት በ1848 ዓ.ም. ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።) የኖሩት በአውሮፓ ውስጥ፣ የኦስትሪያ ዋና ከተማ በሆነችው በቪየና ነበር። ሥራቸው የአእምሮ ሕክምና ነው። ሕክምናቸውም መርፌና ክኒን አልነበረም። በሽተኛውን ረጅም ሶፋ ላይ አጋድመው የልቡን ሁሉ እንዲናገር ያደርጉት ነበር።

በሽተኛው ዙሪያውን ሲመለከት የሚያየው ጉድ ነው! በመደርደሪያው፣ በመስተዋት ሣጥኑ፣ በጠረጴዛው ላይ ሁሉ የጥንት ዕቃ ሞልቷል። ከግብፅ መቃብር የወጡ ምስሎች አሉ። የግሪክ ማሰሮዎች፣ የሮማ ነሐሶች፣ የቻይና ቅርጾች አሉ። ቁጥራቸው ከ2 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ይህ ሁሉ ታዲያ የታጨቀው በሁለት የሥራ ክፍሎች ብቻ ነው። ሐኪሙ አዲስ ዕቃ ሲገዙ ወደ ምሳ ገበታ ይዘውት ይመጡና ፊታቸው አስቀምጠው እያዩት ይበሉ ነበር። በእኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚባል መገመት አያቅትም። በጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ለቆመው የቻይና ሊቅ ምስል ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ይሰጡት እንደነበር የቤታቸው ሠራተኛ ኋላ ተናግራለች።

ዕቃ መሰብሰብ የጀመሩት አባታቸው በ1889 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ለሐዘን መርሻ ብቻ አልነበረም። ለሥራም ይጠቅማቸው ነበር። አንድ ቀን ለአንድ በሽተኛ ምስሎቹን እያሳዩ እንዲህ ብለው አስረዱት። እነዚህ ዕቃዎች ሳይጠፉ የቆዩት ስለተቀበሩ ነው። ፖምፔይ የምትባለውን የጣሊያን ከተማ ከ1,900 ዓመት በፊት የእሳተ ገሞራ አመድ ቀበራት፤ ተቀብራ ሳለች አልጠፋችም። መፍረስ የጀመረችው ተቆፍራ ከወጣች ወዲህ ነው። ሰውም በልቡ የቀበረው ነገር እንዲሁ ሳይጠፋ ይኖራል። አውጥቶ ሲናገረው ግን ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለ ፍሮይድ ትምህርት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ይህችን ምሳሌ ግን እኛ ወደናታል።

አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ሐኪሙ ዕቃውን የሚገዙት ከነጋዴ ነበር። መቃብር ቆፍሮ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ዕቃው ከየት እንደወጣ፣ አጠገቡ ምን እንደነበረ አይጽፍም። እንዲህ ያለ ዕቃ ቢያምርም ግማሽ ታሪኩ ጠፍቷል።

በመጋቢት 1930 ዓ.ም. የጀርመን ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። ናዚዎች የአይሁድ ጠላቶች ነበሩ፤ ፍሮይድ ደግሞ አይሁዳዊ ናቸው። ዕድሜያቸው 82 ሊሞላ ተቃርቧል፤ የመንጋጋ ካንሰርም ይዟቸዋል። አገሬን ለቅቄ አልሄድም ብለው ነበር። ልጃቸውን አናን የናዚ ፖሊሶች ወስደው ሙሉ ቀን ሲመረምሯት ዋሉ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ለመሄድ ቆረጡ።

ዕቃውስ? ሁሉም የሚወረስ መሰለ። ስለዚህ ወዳጃቸው ልዕልት ማሪ ቦናፓርት አንዲት ምስል ደብቀው ከአገር አስወጡ። ምስሏ የነሐስ ናት፤ ቁመቷም ከስንዝር ያንሳል። አቴና ትባላለች፤ ግሪኮች የጥበብና የጦርነት አምላክ ናት ብለው ያመልኳት ነበር። ሌላው ሁሉ ቢቀር እሷ ትትረፍ ማለት ነው። ቀሪውን ዕቃ አንድ የቤተ መዘክር ሹም (ቤተ መዘክር የጥንት ዕቃ ተጠብቆ የሚታይበት ቤት ነው) 30 ሺህ ማርክ ብሎ ገመተው። ከዋጋው ዝቅ ያለ ግምት ነበር። ከአገር የሚወጣ ሰው ከንብረቱ ሩቡን ግብር ይከፍል ስለነበር ግምቱ ጠቀማቸው።

ግንቦት 27 ቀን 1930 ዓ.ም. በባቡር ተነሡ። ፓሪስ ሲደርሱ ልዕልቲቱ አቴናን መለሱላቸው። በክረምቱ ሌላውም ዕቃ ተጭኖ ለንደን ገባ። ሠራተኛዋ እያንዳንዱን ምስል በቪየና እንደነበረው አድርጋ በየቦታው ደረደረችው።

አራት አረጋውያን እህቶቻቸው ግን ቪየና ቀሩ። ገንዘብ ተትቶላቸው ነበር፤ መውጫ ፈቃድ ግን አልተገኘላቸውም። በ1934 ዓ.ም. ናዚዎች አጋዟቸው፤ አራቱም በዚያው ሞቱ። ሐኪሙ ይህን አላዩም። መስከረም 12 ቀን 1932 ዓ.ም. አርፈው፣ አመዳቸው ከሰበሰቧቸው የግሪክ ማሰሮዎች በአንዱ ተቀምጦ ነበር።

የለንደኑ ቤት ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ መዘክር ነው። ሶፋውም ምስሎቹም እዚያው አሉ። የቪየናውም ቤት ቤተ መዘክር ሆኗል፤ እዚያ የሚሄድ ሰው ግን የሕክምናውን ክፍል የሚያየው ባዶውን ነው።